በፖለቲካ አሳብ ለተለያዩ ክርስቲያኖች የትሕትናና የይቅርታ መንገድ



በአንድ ጥምቀት ተጠምቀን፣ ከአንድ መንበር ቅዱስ ቁርባንን እየተቀበልን፣ ስለ አገራችን አስተዳደር ግን ከወንድማችን ጋር የማንስማማበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚያሳዝነው ልዩነቱ ከአሳብ አልፎ ወደ ልብ ሲገባ፣ ሰላምታን ሲያስቀር፣ ማኅበርን ሲያፈርስ፣ በለቅሶ ቤት እንኳ ሳይቀር ወንድምና ወንድምን ሆድና ጀርባ ሲያደርግ ነው። አበው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉት በከንቱ አይደለም። ሳል የያዘው ሌባ በጨለማ ራሱን እንደሚያጋልጥ፣ ቂም የያዘ ልብም በጸሎት ሰዓት ራሱን ማጋለጡ አይቀርም።

በዚህ ትምህርት ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል እንመለከታለን። በመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ስለ ፖለቲካ ልዩነት ምን እንደምታስተምር፣ ቀጥሎ በሃያኛው ምእት ዓመት ሁለት ካቶሊካውያን ሕዝቦች በመራራ ጠብ መካከል ይቅርታን እንዴት እንደ ጀመሩ፣ በመጨረሻም ከዚህ ለቁምስናችን የሚሆነውን ፍሬ እናያለን። በታሪኩ ክፍል የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ልዩነት ራሱ ኃጢአት ነውን?

ጌታችን ዐሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ሲመርጥ አንድ ዓይነት አሳብ ያላቸውን ሰዎች አልሰበሰበም። ከእነርሱ አንዱ ማቴዎስ ነበር፤ እርሱም ቀራጭ ስለ ነበረ በሕዝቡ ዘንድ ከሮማውያን ገዥዎች ጋር እንደ ተባበረ ይቈጠር ነበር። ሌላው ስምዖን ሲሆን፣ ቅዱስ ሉቃስ «ቀናተኛ» የሚል ቅጽል ይሰጠዋል (ሉቃ. 6፥15)። ቅጽሉ ለሃይማኖቱ የነበረውን ቅንዓት ብቻ ያሳይ ወይም ለሕዝቡ ነጻነት ከሚቈረቈሩት ወገን መሆኑን፣ መምህራን በሁለቱም መንገድ ተርጉመውታል። በየትኛውም ትርጓሜ ቢሆን፣ ለቄሣር ግብር የሚሰበስብና ለሕዝቡ ሕግ የሚቀና ሰው በአንድ ማዕድ ተቀምጠዋል። ጌታ ማቴዎስን ከቀረጥ መሰብሰቢያው አስነሥቶታል፤ ስምዖንን ግን ስለ ቅንዓቱ ከማኅበሩ አላስወጣውም። ሁለቱንም ከራሱ ጋር ባደረገ ጊዜ እርስ በርሳቸው እንዲተያዩ አስተማራቸው።

ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በምዕራፍ 14 ስለ መብልና ስለ በዓላት የተከራከሩትን ምእመናን ሲመክር፣ አንዱ ሌላውን እንዳይንቅ፣ ሌላውም እንዳይፈርድ ያዝዛል። ልብ እንበል፤ ሐዋርያው በዚያ ቦታ ሁሉም አንድ አሳብ እንዲይዙ አላስገደደም። የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ ንቀትን ማስወገድና የፍርድ ወንበርን ለጌታ መተው።

ይህንኑ ትምህርት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ለዘመናችን አብራርቶታል። ጉባኤው ዲሴምበር 7 ቀን 1965 ዓ.ም. ባወጣው፣ በላቲን ስሙ «ጋውዲዩም ኤት ስፔስ» በሚባለው ሰነድ በቁጥር 43 የሚያስተምረው በአጭሩ ይህ ነው፦ ምእመናን ስለ ዓለማዊ ጉዳይ በእኩል ቅንነት እያሰቡ ወደ ተለያየ ፍርድ ሊደርሱ ይችላሉ፤ እንዲህ በሚሆንበት ጊዜ ማንም የቤተ ክርስቲያንን ሥልጣን ለራሱ አሳብ ብቻ ድጋፍ አድርጎ ሊወስድ አይገባውም፤ ይልቁንም በግልጽ ውይይት፣ ፍቅርን ጠብቀው፣ ከሁሉ በፊት የሁሉን የጋራ ጥቅም እያሰቡ ሊተራረሙ ይገባል። በቁጥር 28 ደግሞ በፖለቲካም ሆነ በሃይማኖት ከእኛ የተለየ አሳብ ላላቸው ሰዎች አክብሮትና ፍቅር እንደሚገባቸው፣ ስሕተትን ከተሳሳተው ሰው መለየት እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛም በ1963 ዓ.ም. ስለ ሰላም በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት ይህንኑ ልዩነት አስተምረዋል፦ ስሕተት ስሕተት ነው፤ የተሳሳተው ግን ሰብአዊ ክብሩን አላጣም።

እንግዲህ ልዩነት በራሱ ኃጢአት አይደለም ማለት ነው። ሆኖም እያንዳንዱ የፖለቲካ አሳብ ትክክል ነው ማለትም አይደለም። ንጹሕ ሰውን መግደል፣ ሕዝብን በትውልዱ ምክንያት መጥላትና ማሳደድ፣ ድኻን መበደል በማንኛውም ወገን ስም ቢደረግ ክፉ ነው፤ በዚህ ላይ ክርስቲያኖች «የአሳብ ልዩነት ነው» ብለው ሊያልፉት አይቻላቸውም። ኃጢአት የሚጀምረው በሁለት በር ነው፦ ወይ ግልጽ ክፋትን አሳብ ብለን ስንሸፍን፣ ወይም አሳብ ብቻ የሆነውን ነገር ክፋት ብለን ወንድማችንን ስንኰንን።

2. የፖላንድ ጳጳሳት ደብዳቤ፣ 1965 ዓ.ም.

ይህ ትምህርት በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ የታወቀ ታሪክ እናንሣ።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ዓ.ም. የናዚ ጀርመን ጦር ፖላንድን ወረረ። በጦርነቱና በወረራው ዘመን ስድስት ሚሊዮን የሚያህሉ የፖላንድ ዜጎች አለቁ፤ ከእነርሱም ግማሽ የሚሆኑት አይሁድ ነበሩ። ካህናትና ጳጳሳትም በማጐሪያ ሰፈሮች ሞቱ። በ1945 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያበቃ ድል አድራጊዎቹ መንግሥታት የፖላንድን ድንበር ወደ ምዕራብ፣ እስከ ኦደርና ናይሰ ወንዞች ድረስ ገፉት። በዚያ ይኖሩ የነበሩ ሚሊዮኖች ጀርመናውያን ከቤታቸው ተባረሩ። ምሥራቃዊው የፖላንድ ምድር በሶቪየት ኅብረት ስለ ተወሰደ፣ ከዚያ የተነቀሉ ፖላንዳውያን ደግሞ በጀርመናውያኑ ቤት ገብተው ሰፈሩ። ብሬስላው የነበረችው ከተማ ቭሮትስዋፍ ተባለች።

ከሃያ ዓመት በኋላም ቁስሉ አልደረቀም ነበር። ምዕራብ ጀርመን አዲሱን ድንበር አልተቀበለችም፤ የተባረሩት ጀርመናውያን፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ካቶሊካውያን፣ የአባቶቻቸውን ምድር ያስቡ ነበር። ፖላንዳውያን በበኩላቸው ልጆቻቸውን የቀበሩባቸውን ዓመታት አልረሱም። በሁለቱም ወገን ሰው በእሑድ ያስቀድስ ነበር፤ ሁለቱም ወገን በአባታችን ሆይ ጸሎት ይቅርታን ይለምን ነበር።

የፖላንድ ሕዝብ ክርስትናን የተቀበለው በ966 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ጳጳሳቱ በ1966 ዓ.ም. የሚከበረውን የሺህ ዓመት በዓል ለልዩ ልዩ አገሮች ጳጳሳት በደብዳቤ ያበሥሩ ጀመር። ለጀርመን ጳጳሳት ምን ይጻፍ? የደብዳቤው ዋና ጸሐፊ የቭሮትስዋፉ ሊቀ ጳጳስ ቦለስዋፍ ኮሚነክ ነበሩ፤ ጀርመንኛን ጠንቅቀው ያውቁ ነበርና። ደብዳቤው ኖቬምበር 18 ቀን 1965 ዓ.ም. የቫቲካን ጉባኤ ከመፈጸሙ ጥቂት ሳምንታት በፊት ተላከ። ከፈረሙት መካከል ካርዲናል ስቴፋን ቪሺንስኪና የክራኮው ሊቀ ጳጳስ ካሮል ቮይቲዋ፣ ማለት የኋላው ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ይገኙበታል።

ደብዳቤው አስቀድሞ መልካሙን ያነሣል። ከጀርመን ምድር መጥታ በሲሌዥያ የገዛችውን፣ ሁለቱም ሕዝቦች የሚያከብሯትን ቅድስት ያድዊጋን (በጀርመኖች ዘንድ ሄድቪግን) በሁለቱ ሕዝቦች መካከል እንደ ድልድይ ያቀርባታል። ቀጥሎ መከራውን ሳይሸፍን ይናገራል፤ የሞቱትን ይቈጥራል። ናዚዎችን የተቃወሙ ጀርመናውያን እንደ ነበሩም ይመሰክራል፤ የተባረሩትን ጀርመናውያን ስቃይ ያስባል። ድንበሩ ለፖላንድ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ መሆኑን ግን አይደብቅም። በመጨረሻም ሰውን ሁሉ ያስደነቀው ነገር መጣ፦ ጳጳሳቱ ይቅርታን ሰጡ፤ ይቅርታንም ለመኑ።

3. የይቅርታ ዋጋ

የጀርመን ጳጳሳት ዲሴምበር 5 ቀን 1965 ዓ.ም. መለሱ። የተዘረጋውን እጅ በወንድማዊ አክብሮት ተቀበሉ፤ ስለ ድንበሩ ግን በጥንቃቄ ስለ ተናገሩ፣ ካርዲናል ቪሺንስኪና ሌሎችም ከዚህ የበለጠ መልስ ጠብቀው ነበርና አዘኑ።

በፖላንድ የነበረው የኮሚኒስት መንግሥት ከዚህ የከፋ ነገር አደረገ። በቭዋዲስዋፍ ጎሙልካ የሚመራው ፓርቲ በጳጳሳቱ ላይ ሰፊ ዘመቻ ከፈተ፤ አገር እንደ ካዱ አድርጎ ከሰሳቸው። በጋዜጣና በስብሰባ ይቅርታ አናደርግም የሚል ድምፅ ተሰማ። መልእክቱ ያልገባቸውና ያዘኑ ካቶሊካውያንም ጥቂት አልነበሩም፤ የሞቱት ወላጆቻቸው ነበሩና። ሊቀ ጳጳስ ቮይቲዋ በጦርነቱ ጊዜ ይሠሩበት በነበረው የክራኮው የሶልቬ ፋብሪካ ሠራተኞች ስም እርሳቸውን የሚወቅስ ግልጽ ደብዳቤ ታተመ። እርሳቸውም በወረራው ዘመን አብረው የሠሩትን እያስታወሱ መለሱ። በ1966 ዓ.ም. ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ በበዓሉ ላይ ለመገኘት ቢፈልጉም መንግሥቱ ከለከላቸው።

ዘሩ ግን አልጠፋም። በ1968 ዓ.ም. የጀርመን ካቶሊካውያን ምእመናን ማኅበር፣ «የቤንስበርግ ክበብ» የተባለው፣ ስለ ድንበሩ ጳጳሳቱ ከተናገሩት አልፎ የሚሄድ ጽሑፍ አወጣ። ዲሴምበር 7 ቀን 1970 ዓ.ም. የምዕራብ ጀርመን መራሔ መንግሥት ቪሊ ብራንት በዋርሶ የስምምነት ውል ፈረሙ፤ በዚያው ቀን በዋርሶ ጌቶ ሐውልት ፊት ተንበረከኩ። በ1972 ዓ.ም. ቅድስት መንበር በእነዚያ ምዕራባዊ ግዛቶች ያሉትን ሀገረ ስብከቶች ቋሚ አደረገች። በኖቬምበር 1989 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች ታዴዉሽ ማዞቪየትስኪና ሄልሙት ኮል በክሺዞቫ መንደር በዕርቅ ቅዳሴ ላይ የሰላም ሰላምታ ተለዋወጡ። በ1990 ዓ.ም. ድንበሩ በውል ጸደቀ። ከደብዳቤው እስከ ውሉ ሃያ አምስት ዓመት ሆነ። ይህን ሁሉ ደብዳቤው ብቻውን ፈጸመው ማለታችን አይደለም፤ የመንግሥታትም ሥራ፣ የዘመንም መለወጥ ነበረበት። ነገር ግን ማንም ባልደፈረበት ጊዜ የመጀመሪያውን ቃል የተናገሩት እነዚያ እረኞች ናቸው።

4. ከዚህ ታሪክ የምንማረው

ሀ) ትሕትና ይቅርታን ይቀድማል። ፖላንዳውያኑ የተበደሉት ይበልጡን እነርሱ እንደ ነበሩ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ይቅርታን መስጠት ብቻ በበቃቸው ነበር፤ እንዲያ ቢያደርጉ ግን በከፍታ ላይ ቆመው ወደ ታች የሚመለከቱ በሆኑ ነበር። ይቅርታን በመለመናቸው ከወንድሞቻቸው ጎን ቆሙ። በደሉ እኩል ነው አላሉም፤ በእግዚአብሔር ፊት ያለ ነውር የቆመ ሕዝብ የለም አሉ እንጂ። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 18 ፈሪሳዊው ያቀረበው የመልካም ሥራ ዝርዝር ሐሰት አልነበረም። የተፈረደበት ዝርዝሩን ወንድሙን ለመናቅ ስለ ተጠቀመበት ነው። በፖለቲካም እንዲሁ ነው፤ አሳባችን ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ልባችን ግን የፈሪሳዊው ልብ ሊሆን ይችላል።

ለ) ይቅርታ እውነትን አይሰርዝም። ደብዳቤው የሞቱትን ቈጥሯል። ሳይነገር የታለፈ በደል የአንገት በላይ ዕርቅን እንጂ እውነተኛ ዕርቅን አይወልድም።

ሐ) ይቅርታ አቋምን መተው አይደለም። ጳጳሳቱ ይቅር እያሉ ስለ ድንበሩ ያላቸውን አሳብ ጠብቀዋል። ይቅር ያለ ሰው እንደ ቀድሞው ሊከራከር፣ ሊመርጥ፣ ሊቃወም ይችላል፤ የማይችለው መጥላት ነው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም በ2020 ዓ.ም. ስለ ወንድማማችነት በጻፉት መልእክት (ቁ. 241) በዳይን መውደድ በደሉን እንዲቀጥል መፍቀድ እንዳልሆነ፣ የተበደለ ሰው መብቱን በሕግ መጠየቅ እንደሚገባው፣ ይህን ሲያደርግ ግን በበቀል እንዳይነሣሣ አስተምረዋል። ስለዚህ ልጁን ያጣችን እናት ዝም በይ ማለት ይቅርታን ማስተማር አይደለም፤ በቁስሏ ላይ ሌላ ሸክም መጫን ነው።

መ) የመጀመሪያው መልስ ቢቀዘቅዝም እጅ አይታጠፍም። የጀርመኖቹ መልስ የተጠበቀውን ያህል አልነበረም። ቢሆንም ግንኙነቱ አልተቋረጠም፤ በሴፕቴምበር 1978 ዓ.ም. ካርዲናል ቪሺንስኪና ካርዲናል ቮይቲዋ ጀርመንን ጎበኙ። ቅዱስ ጴጥሮስ ስንት ጊዜ ይቅር ልበል ብሎ በጠየቀ ጊዜ (ማቴ. 18፥21) ጌታ ቍጥሩን ያበዛበት፣ ይቅርታ በአንድ ቀን የማያልቅ መንገድ ስለ ሆነ ነው።

5. በቁምስናችን

የእኛም አገር ቁስል ሩቅ አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር በሰሜን የአገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነት የአንዲቱ ቤተ ክርስቲያን ልጆች በተለያየ ወገን ቆመው፣ የተለያየ ወሬ እየሰሙ፣ የተለያየ ሐዘን አዝነዋል። በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት የመሣሪያን ድምፅ ለማስቆም ነው፤ የልብን ቂም ግን የመንግሥታት ፊርማ አያወጣውም። ያ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው፤ ማለት የእኛ ሥራ ነው።

በግዕዝ ሥርዓተ ቅዳሴያችን ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ያዝዛል። ይህ ትእዛዝ ለጌጥ አልገባም። ጌታ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ ያዘዘውን (ማቴ. 5፥23–24) ቤተ ክርስቲያን በሥርዓቷ ውስጥ ያኖረችበት ቦታ ነው። በአሳቡ የምንጠላውን ሰው ሆን ብለን አልፈን ሌላውን ሰላም ስንል፣ ሰላምታው ራሱ ይመሰክርብናል።

ስለዚህ የሚከተሉትን በተግባር እናውል።

በመጀመሪያ፣ ስለ ሌላው ወገን የሰማነውን ክፉ ወሬ ከማስተላለፋችን በፊት እውነት መሆኑን እንመርምር። ስምንተኛው ትእዛዝ በሐሰት እንዳንመሰክር ሲከለክለን ተቃዋሚዎቻችንን ለይቶ አላወጣም።

ሁለተኛ፣ የሌላውን አሳብ እርሱ ራሱ አዎን ይህ የእኔ አሳብ ነው እስኪል ድረስ መናገር ካልቻልን፣ ገና አልሰማነውም ማለት ነውና ለመመለስ አንቸኩል።

ሦስተኛ፣ ሰውን በወገኑ ስም አንጥራው። ክርስትና ስም አለው፤ በዚያ እንጥራው።

አራተኛ፣ በንስሓ ስንቀርብ በቍጣ የተናገርነውን ብቻ ሳይሆን በልባችን የፈረድነውንም እንናዘዝ።

አምስተኛ፣ ጠቡ ከጠነከረ ሽማግሌ እንላክ። ሁለቱም ወገን የሚያከብራቸውን አባት ወይም እናት በመካከል አስገብቶ «ይቅር ለእግዚአብሔር» መባባል የአባቶቻችን መልካም ልማድ ነው፤ ወንጌልም በወንድሞች መካከል ምስክር እንዲገባ ይፈቅዳል (ማቴ. 18፥16)።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ አንድ ቃል እንጨምራለን። የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና (ቁ. 287) እንዲሁም የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና (ቁ. 384) ካህናት በፖለቲካ ፓርቲዎች ውስጥ በተግባር እንዳይሳተፉ የሚያዝዙት፣ የካህን አባትነት ለሁሉም ስለ ሆነ ነው። ምእመን የሆነ መምህር እንደ ዜጋ በፖለቲካ መሳተፍ መብቱ ነው፤ ጉባኤውም ይህን አገልግሎት ያመሰግነዋል። ነገር ግን በትምህርት ሰዓት በፊቱ የተቀመጡት ልጆች ወላጆች ከልዩ ልዩ ወገን መሆናቸውን አይርሳ። አንድ ልጅ ወላጆቹ በመምህሩ ቃል ሲነቀፉ ቢሰማ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ወንጌል ሁሉ የሌሎች ሰዎች ወንጌል ይመስለዋል።

6. ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1ኛ) ሮሜ ምዕራፍ 14ን በአንድነት አንብቡ። ሐዋርያው ለሚንቀውና ለሚፈርደው የሰጠው ምክር ምንድን ነው? እኛ ከሁለቱ ወደ የትኛው እናዘነብላለን?

2ኛ) የፖላንድ ጳጳሳት ይቅርታን መስጠት ብቻ ሳይሆን መለመናቸው ለምን ብዙ ሰዎችን አስቈጣ? እናንተ በዚያ ቁምስና ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

3ኛ) በአካባቢያችን የአሳብ ልዩነት የሆነው የትኛው ነው? በግልጽ ክፋት የሆነውስ የትኛው ነው? ሁለቱን እንዴት እንለያለን?

4ኛ) በመጪው እሑድ በቅዳሴ ሰላምታ ጊዜ እጃችንን ልንዘረጋለት የሚገባን ሰው ማን ነው? ይህን እያንዳንዱ በልቡ ይመልስ፤ በጉባኤ አይነገር።

ውድ ምእመናን፤ ፓርቲዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ዛሬ ለክርክራችን ምክንያት የሆኑት መሪዎች ስማቸው በታሪክ መጽሐፍ ብቻ የሚገኝበት ቀን ይመጣል። አብሮን ከመንበሩ ፊት የቆመው ወንድማችን ግን ለዘለዓለም ሕይወት የተጠራ ነው። የሰላም አምላክ የትሕትናን ልብ ይስጠን፤ ይቅር ለማለትም ይቅርታን ለመለመንም ያበርታን። አሜን።